ርክክቡ ላይ ያልተጠራው ሰው

ሆንግ ኮንግና ማካው በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚራራቁት። አንዷን እንግሊዝ ያዘቻት፣ አንዷን ፖርቱጋል፣ ሁለቱም ወደ ቻይና ተመለሱ፣ ሆንግ ኮንግ በ1997 ማካው በ1999 (ዓመተ ምህረቱ የፈረንጅ ነው፣ በኛ ሲሆን እናገራለሁ)። እና በዛ ሰሞን ምን ነበር መሰላችሁ፣ ማካው የተወለደ የምግብ ቤት አስተናጋጅ የፖርቱጋል ፓስፖርት ካለው፣ ፖርቱጋል የአውሮፓ ህብረት አባል ስለሆነች ሻንጣውን እየጎተተ ለንደን ገብቶ መስራትም መኖርም ይችል ነበር። ሆንግ ኮንግ የተወለደው፣ የንግስቲቱ ምስል ያለበት ሳንቲም እየቆጠረ ያደገው፣ ፓስፖርቱ ላይ ብሪቲሽ ተብሎ የተጻፈለት ሰውዬ ግን አይችልም። እንግሊዝ ሀገር ለመኖር ከእንግሊዝ ዜጋው ይልቅ የፖርቱጋል ዜጋው ይቀለዋል ማለት ነው። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ሁለቴ ነው የደገምኩት።

ነገሩን አሁን ያነሳሁት ከአንድ ጎረቤቴ ጋር ስንከራከር ሰንብተን ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር ላይ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከኛ ብሎክ ጀርባ ትንሽ ሄድ ካላችሁ የጤፍ ማሳ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ሰዉ ከየፎቁ ወርዶ ምድር ቤት ያለችው ጀበና ቡና ጋ ይሰበሰብና የዓለምን ጉዳይ እዛው እንጨርሰዋለን። ጋሼ ነጋዴ ነው፣ ጓንዡ እየተመላለሰ የስልክ ከቨርና ቻርጀር ያመጣል፣ ሆንግ ኮንግንም በአይኑ አይቷል፣ እኔ ያየሁት በመጽሐፍና በዩቲዩብ ነው። እና "አንተ ልጅ፣ እንግሊዝ እኮ ድንጋይ ተቀብላ ከተማ ነው ያስረከበችው፣ ከዚህ በላይ ምን ታድርግላቸው?" አለኝ። መልሱን ቡናው እስኪያልቅ መጨረስ አልቻልኩም፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ጋሼ ውሸት አልተናገረም። በ1953 የገና ቀን ማታ ሼክ ኪፕ ሜይ የሚባል የስደተኞች የእንጨት ቤት ሰፈር ተቃጠለና በአንድ ሌሊት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። የቅኝ ግዛቱ መንግስት ከዛ በኋላ ነው ቤት መስራት የጀመረው፣ ባለ ስድስትና ሰባት ፎቅ፣ ለአንድ አዋቂ ሰው የተመደበው ቦታ 24 ስኩዌር ፊት ነበር፣ አምስት ሆነው ለሚኖሩ 120፣ በኛ 11 ካሬ ገደማ ማለት ነው፣ ሽንት ቤቱና ውሃው የጋራ። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ጠበበኝ የምትሉ እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በሉ። ግን ቀጠሉበት፣ እየሰፋና እየተሻሻለ ሄዶ ባንዲራው ሲወርድ ከህዝቡ ግማሽ የሚሆነው መንግስት በሰራው ወይ በደጎመው ቤት ውስጥ ነበር የሚኖረው። በ1974 ደግሞ ተጠሪነቱ ለገዢው ብቻ የሆነ የጸረ ሙስና ኮሚሽን አቋቋሙ፣ ፖሊሱ ራሱ ጉቦ በሊታ ስለነበረ ከፖሊስ ውጪ አደረጉት፣ ሰራም። እንግዲህ ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ጉቦ የማይበላ ቢሮ፣ ይሄ ሁሉ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ለኛ ሰው ሲነገር ደግሞ አፍ ያስከፍታል።

እኔ የምለው የሚያስረክብ ገዢ ከግንባታው ሌላ ሁለት ዕዳ አለበት ነው። አንደኛ ሰዉን መጠየቅ። ሁለተኛ ደግሞ፣ ነገ የሚመጣውን አልፈልግም ለሚል ሰው በር መተው፣ ወረቀት መስጠት። እነዚህን ሁለቱን የምታደርገው ብዕሩ ገና እጅህ ላይ እያለ ነው፣ ከፈረምክ በኋላ የሚመጣው ነገር ይቅርታ ወይም ቸርነት ነው የሚሆነው እንጂ ግዴታ መወጣት አይባልም።

መጠየቁን እንይ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ማርክ ያንግ የሚባለው ገዢ የከተማ ምክር ቤት ይቋቋም፣ ሰዉ ይምረጥ የሚል ዕቅድ አቅርቦ ነበር፣ ተንከባለለ ተንከባለለና በ1952 ተጣለ። ቀጥታ ምርጫ ወደ ህግ አውጪው ምክር ቤት የገባው በ1991 ነው፣ ያውም ከ60 ወንበር 18ቱ፣ ርክክቡ ስድስት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። እንግሊዝ ሆንግ ኮንግ ደሴትን በውል የወሰደችው በ1842 መሆኑን አስቡ። የመጨረሻው ገዢ ክሪስ ፓተን በ1992 መጥቶ ሩጫ በሩጫ አድርጎ መራጩን አሰፋ፣ በ1995 ምርጫ ተደረገ፣ ቻይና ተቆጣች፣ ገና ስትረከብ ያንን ምክር ቤት በትና በራሷ ጊዜያዊ ምክር ቤት ተካችው። 150 ዓመት ተኝቶ የነበረ ሰው ባቡሩ ሊሄድ ሲል ነው ጫማ የሚፈልገው።

እዚህ ጋ የእንግሊዝ ጠበቆች የሚያነሱት ነገር አለ፣ እውነትም አለው። በ1958 የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ ሆንግ ኮንግን እንደ ሲንጋፖር ራሷን ወደማስተዳደር ብትወስዷት እንደ ጠብ አጫሪነት ነው የምናየው ብሎ ለለንደን መልዕክት ልኳል። በ1972 ደግሞ ቻይና የተባበሩት መንግስታትን ወንበር ባገኘች ማግስት ሆንግ ኮንግና ማካው ራሳቸውን ከማያስተዳድሩ ግዛቶች ዝርዝር ይውጡልኝ አለች፣ ወጡ። ከዝርዝሩ ወጣህ ማለት እንግዲህ ነጻነት የሚባለው አማራጭ ለአንተ የለም ማለት ነው፣ ሰዉን ግን ማንም አልጠየቀም። ከመሬቱ ደግሞ አብዛኛው፣ ኒው ቴሪቶሪስ የሚባለው፣ በ1898 ለ99 ዓመት በሊዝ የተወሰደ ነው፣ ውሉ በ1997 ያልቃል፣ ቀሪው ብቻውን ውሃም አይበቃው። ስለዚህ መሬቱን አትስጡ ማለት አይቻልም ነበር፣ እሺ፣ እቀበላለሁ። ምርጫውንም ቻይና ከለከለች እንበል።

ፓስፖርቱንስ ማን ከለከለ?

ቤጂንግ በዚህ እጇ የለበትም፣ ሙሉ በሙሉ የለንደን ፓርላማ ነው። እስከ 1962 ድረስ የቅኝ ግዛት ሰው በዜግነቱ እንግሊዝ ገብቶ መኖር ይችል ነበር፣ በዛ ዓመት ገደብ ወጣ። ከዛ የ1981 የዜግነት ህግ መጣና ሰዉን በደረጃ በደረጃ ከፋፈለው፣ የሆንግ ኮንጉ የጥገኛ ግዛት ዜጋ ተባለ፣ እንግሊዝ የመኖር መብት የሌለው እንግሊዛዊ። ህጉ በ1983 መጀመሪያ ነው ስራ ላይ የዋለው። ልብ በሉ፣ ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ የእንግሊዟ ማርጋሬት ታቸርና የቻይናው ዣኦ ዚያንግ፣ ሆንግ ኮንግ እንድትመለስ የተስማሙበትን የጋራ መግለጫ ቤጂንግ ላይ የፈረሙት ዲሴምበር 19 ቀን 1984 ነው። በሩ መጀመሪያ ተዘጋ፣ ድርድሩ ከዛ ቀጠለ። በዛው በ1983 ግን ሁለት ሺህ እንኳን ለማይሞሉት የፎክላንድ ደሴት ሰዎች ሙሉ ዜግነት ተሰጣቸው፣ ጅብራልታሮችም ከፈለጉ ተመዝግበው እንዲያገኙ ተደረገ። ምክንያቱን እናንተው ገምቱ፣ ቁጥር ነው የሚሉ አሉ፣ መልክ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ ሁለቱም ይመስለኛል።

ለሆንግ ኮንጉ በምትኩ ከ1987 ጀምሮ ቢ ኤን ኦ (የባህር ማዶ እንግሊዛዊ እንደማለት ነው) የሚባል ፓስፖርት መጣለት። ሽፋኑ ያምራል፣ ኤምባሲ ይረዳሃል፣ ግን እንግሊዝ አያኖርህም፣ ለልጅህም አይተላለፍም። በ1989 ቤጂንግ ላይ የቲያናንመን አደባባይ ተቃውሞ በጦር ሲደመሰስ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሚሊዮን የሚገመት ሰው አደባባይ ወጣ፣ ያኔ ለንደን ደነገጠችና በ1990 አንድ ህግ አወጣች፣ ለ50 ሺህ አባወራ ከነቤተሰቡ ሙሉ ዜግነት። ህዝቡ ወደ ስድስት ሚሊዮን እየተጠጋ ነው። አሰጣጡ በነጥብ ነው፣ ዕድሜህ ስንት ነው፣ ምን ተምረሃል፣ ስራህ ምንድነው፣ እንግሊዝኛህ እንዴት ነው። ዓላማው ደግሞ ሰዎቹ እንዲመጡ አልነበረም፣ በኪሳቸው ዋስትና ይዘው እዛው ሆንግ ኮንግ ተረጋግተው እንዲሰሩ ነው። እዚህ ጋ ነው እኔን የሚያበሳጨኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ሃሳብ ራሱ ልክ ነው፣ በር ያለው ሰው አይሮጥም። ታዲያ ለባንክ ማናጀሩ ከሰራ ለዓሣ ሻጯ ለምን አይሰራም? ስድስት ሚሊዮን ሰው ነገ ጠዋት ሂትሮው ይወርዳል ብለው ፈሩ፣ ፖርቱጋል ግን ከ100 ሺህ በላይ ለሚሆኑ የማካው ሰዎች ዜግነቱን አልነጠቀችም፣ አብዛኞቹም ማካው ውስጥ ካዚኖ ስር ኑሯቸውን ቀጠሉ።

ወረቀት ወረቀት እያልኩ የምጨቀጭቀው ለምን እንደሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ ሰው ይገባዋል። በ2014 ነሐሴ ላይ (ይሄኛው በኛ ነው) የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲካለል ዳር ዳር ያለነው ሰፈሮች አንዳንዱ ወዲህ አንዳንዱ ወዲያ ሆነ። ማንም ቃሌን እንዳይጠመዝዝብኝ፣ ይሄ ከቅኝ ግዛት ጋር አይወዳደርም፣ ሁለቱም የራሳችን አስተዳደሮች ናቸው። ግን መስኮቱ ጋ የቆመ ሰው የሚሰማውን ነገር ያሳያል። አንዱ ቢሮ "ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ አምጡ" ይላል፣ የቀድሞው ደግሞ "ፋይላችሁ ተልኳል፣ እኛ ጋ የላችሁም" ይላል። ከፊቴ ተሰልፈው የነበሩ አንዲት እናት የልጃቸውን የልደት ሰርተፍኬት በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል፣ ጸሐፊዋ ላስቲኩን እንኳን ሳትፈታው በጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችላቸው፣ "እማማ፣ ማህተሙ የድሮው ነው" ብላ። ማህተሙ ያው የመንግስት ማህተም ነው እኮ። እሳቸውም "ልጁም የድሮው ነው" አሉና ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እኛ በስንት ምልልስ ነገሩ ተስተካከለልን፣ ሀገር አልተቀየረብንም፣ ቋንቋ አልተቀየረብንም። አሁን ይሄንኑ በስድስት ሚሊዮን ሰውና በሁለት ሀገር አድርጋችሁ አስቡት።

ወደ ራሳችን አካባቢ ስመጣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጎረብጣል፣ ምክንያቱም እዚህ እኛ ተረካቢ ነበርን።

እንግሊዝ ኤርትራን ከጣሊያን ነጥቃ ከ1941 እስከ 1952 በወታደራዊ አስተዳደር ያዘች። በዛ ጊዜ ጋዜጣው፣ ፓርቲው፣ የሰራተኛ ማህበሩ ተንቀሳቀሰ፣ ይሄ ይቆጠርላት። በሌላ በኩል ጣሊያን በ1937 የሰራውን፣ ከምጽዋ አስመራ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደውን የገመድ ማጓጓዣ ነቅለው ወሰዱት፣ የወደቡንም ብዙ ዕቃ እንደዛው፣ ሲልቪያ ፓንክረስት በጊዜው ይሄ ዝርፊያ ነው ብላ ብዙ ጮኻለች። ሀገር ስታስረክብ ማሽኑን ነቅለህ መሄድ፣ ቤት ሲለቅ አምፖሉን እንደሚያወርደው ተከራይ በሉት። ዋናው ነገር ግን መጠየቁ ላይ ነው። የተባበሩት መንግስታት በዲሴምበር 1950 በውሳኔ 390 ፌዴሬሽን ይሁን አለ፣ ከዛ ቦሊቪያዊው ኮሚሽነር አንዜ ማቲየንዞ መጥቶ እየዞረ ህገ መንግስቱ እንዴት ይሁን ብሎ ሰዉን አማከረ። እንዴት ይሁን ተብሎ ተጠየቀ፣ ይሁን አይሁን ተብሎ ግን አልተጠየቀም። 68 አባላት ያሉት ምክር ቤት ተመርጦ በ1952 ህገ መንግስቱን አጸደቀ፣ በሴፕቴምበር ርክክብ ሆነ። ከአስር ዓመት በኋላ በ1962 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፣ ሰነዱን ያዘጋጁት መንግስታት ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ይሁን አይሁን የሚለው ጥያቄ ለሰዉ የቀረበው በ1993 ነው፣ 30 ዓመት ሙሉ ስንት ወጣት ከሁለቱም ወገን አልቆ፣ መልሱም 99.8 ከመቶ ነበር። እኛ ሀገር ይሄ ታሪክ ሲነሳ ሰዉ ወዲያው ቡድን ይይዛል፣ እኔ የምለው ግን ከቡድኑ በፊት ያለውን ነው፣ ጥያቄው በ1952 ቢጠየቅ መልሱ ምንም ይሁን ምን ቢያንስ መልስ ይኖር ነበር።

የሀውድም ነገር አለ፣ በኛና በሶማሌላንድ ወሰን ላይ ያለው የግጦሽ መሬት። እንግሊዝ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሀውድንና ሌላውን የተከለለ መሬት ይዛ ቆየችና ኖቬምበር 29 ቀን 1954 ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ እንዲመለስ ተፈራረመች። በኢትዮጵያ በኩል ጥያቄው የጸዳ ነው፣ በ1897 ከምኒልክ ጋር በተፈረመው ውል መሬቱ የኛ ነው፣ የተመለሰልን የራሳችን ነው። በዛ መሬት ላይ ከብትና ግመል ይዞ ክረምት ከበጋ የሚመላለሰው የሶማሌላንድ አርብቶ አደር ግን ከ1884 ጀምሮ ከእንግሊዝ ጋር የጥበቃ ውል የፈረመ ሰው ነው፣ ጠባቂዬ የሚላት እሷን ነው። እና ወሬውን የሰማው ከፊርማው በኋላ በጃንዋሪ 1955 ነው፣ ተቆጣ፣ ልዑካን ለንደን ድረስ ላከ፣ ምን ሊመጣ፣ ፊርማው ደርቋል። ግጦሹ ይፈቀድላችኋል ተባሉ፣ እንግሊዝም እስከ 1960 ድረስ ጉዳያቸውን የሚከታተል ሰው ጂጂጋ አስቀመጠች። መሬቱ በህግ የኛ መሆኑና ሰዉ ሳይሰማ መደረጉ፣ ሁለቱም አብረው እውነት ናቸው፣ አንዱ አንዱን አያጠፋውም።

አንድ የምፈራው ነገር አለ፣ ይሄ "ከማስረከብ በፊት ማዘጋጀት" የሚባለው ወሬ ላለማስረከብ ሰበብ መሆኑ። የተባበሩት መንግስታት ቻርተር አንቀጽ 73 ገዢዎች የነዋሪውን ጥቅም እንዲያስቀድሙና ራሱን ወደማስተዳደር እንዲያደርሱት ያዛል፣ ጥሩ። ግን ለስንት ዓመት ነው "ገና አልደረሱም" ሲባል የተኖረው? ለዚህ ነው በዲሴምበር 1960 ውሳኔ 1514 ሲወጣ አለመዘጋጀት ነጻነትን ለማዘግየት ምክንያት ሊሆን አይችልም ተብሎ የተጻፈበት። ቤልጂየም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት፣ ኮንጎን ስትለቅ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለው ኮንጎአዊ ሰላሳ እንኳን አይሞላም፣ በጦሩ ውስጥ አንድ ኮንጎአዊ መኮንን የለም፣ ብራስልስ ላይ ጠረጴዛ ከበው የተወያዩት በጃንዋሪ 1960 ነው፣ ነጻነቱ ጁን 30። ሳምንት ሳይሞላ ወታደሩ አመጸ። የኛም ልጆች በተባበሩት መንግስታት ስር ዘመቱ፣ በየሰፈሩ ኮሪያ ዘማች እንደሚባለው ኮንጎ ዘማች የሚባል ሰው ነበር። "አልደረሱም" የሚለውም፣ እንዳይደርሱ ትምህርት ቤቱን የዘጋውም አንድ ሰው ነው እኮ። በአንጻሩ የጣሊያን ሶማሊያ በ1950 ለአስር ዓመት ሞግዚትነት ስትሰጥ ቀኑ ከመጀመሪያው ተቆርጦ ነበር፣ ሞቃዲሾ ላይ የተባበሩት መንግስታት አማካሪ ምክር ቤት ተቀምጦ ያያል። ከዛ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ቀን መቁረጡና ታዛቢ ማስቀመጡ ስህተት አልነበረም።

ጋሼ ይሄን ሁሉ ሰምቶ (መብራት መጥቶ ነበር፣ ማንም ግን አልተነሳም) "እና አሁን እኮ እያስገቧቸው ነው፣ እዛ ያለ ደንበኛዬ ራሱ ማንቸስተር ገብቷል" አለኝ። እውነቱን ነው። ጁን 30 ቀን 2020 የብሔራዊ ደህንነት ህጉ ሆንግ ኮንግ ላይ ከወጣ በኋላ ለንደን ለቢ ኤን ኦ ባለቤቶች ቪዛ ከፈተች፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 2021 ጀመረ፣ ከዛ ወዲህ ከ150 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። ሲጀመር የአምስት ዓመቱ ቪዛ 250 ፓውንድ ነበር፣ ለጤና ደግሞ በዓመት 624 ፓውንድ፣ አስቀድሞ የአምስቱም ዓመት ይከፈላል። አምስት ዓመት ኖረህ ቋሚ ነዋሪነት፣ ከዛ አንድ ዓመት ጠብቀህ ዜግነት። እስከ 1962 ድረስ በነጻ በእጃቸው የነበረውን ነው እንግዲህ ከፍለው የሚገዙት።

እሱም ቢሆን ለሁሉም አይደለም። ቢ ኤን ኦ እስከ 1997 ድረስ የተመዘገበ ብቻ ነው የሚይዘው፣ በ2019ኙ የሆንግ ኮንግ ተቃውሞ አስለቃሽ ጭስ ውስጥ የነበሩት ልጆች ብዙዎቹ ከዛ በኋላ የተወለዱ ናቸው። በ2022 መጨረሻ ላይ ለነሱም በራሳቸው ማመልከት ተፈቀደ፣ ግን ቢያንስ አንዱ ወላጅ ቢ ኤን ኦ ያለው ከሆነ ነው። እናትና አባቱ በዛን ጊዜ ቢሮ ሄደው "ይሄ ፓስፖርት ለንደን ያስገባል?" ብለው ጠይቀው አያስገባም ሲባሉ ሳያወጡ የተመለሱ ከሆነ፣ ልጁ ዛሬ ምንም የለውም። ያኔ ደግሞ መልሱ ትክክል ነበር፣ አያስገባም ነበር።